መድኃኒቱ ሲያስቸግር

በሰፈራችን አንዲት ልብስ ሰፊ እናት አሉ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳው ተጠግቷል። የተማሪ ዩኒፎርም ቢሆን፣ የቀሚስ ማሳጠር ቢሆን፣ ሰው ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዓይናቸው ብለው ጤና ጣቢያ ሄደው ሳለ የደም ግፊታቸው ቢለካ 170 በ100 ሆኖ ተገኘ። በሌላ ቀን ተደግሞ ሲለካም ያው ሆነ። ስለዚህ ኢናላፕሪል የሚባል ክኒን ታዘዘላቸውና በየቀኑ ይወስዱ ጀመር።

ከወር በኋላ ሳል ያዛቸው። አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚከረክር ደረቅ ሳል ነው። ሌሊት ጋደም ሲሉ ይብስባቸዋል። ጎረቤት "ሳምባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም" እያለ ያማ ጀመር። ቡና ሲጠራሩ እንኳ የሳቸውን ሲኒ ለብቻው የሚያስቀምጥ ተገኘ። ዝንጅብል በማር ጠጡ፤ አልተሻላቸውም። የሳል ሽሮፕ ገዙ፤ አልተሻላቸውም። ራጅ ተነሥተው ሳምባቸው ንጹሕ ነው ተባሉ። የሚውጡትን ክኒን ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አላነሡም።

በመጨረሻ እኛው ጎረቤቶቻቸው፣ "ሳሉ የመጣው እኮ ይኸን ክኒን ከጀመሩ ወዲህ ነው፤ ለምን አይተዉትም?" አልናቸው። ተዉት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሳሉ ጠፋ። እኛም አዋቂ ሆንን። ከአራት ወር በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ጨርቅ ሲቆርጡ መቀሱ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ሊያነሡት ቢሉ እጃቸው እምቢ አለ፤ አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ሳይታከም የቆየው የደም ግፊት የጭንቅላታቸውን ደም ሥር ጎድቶት ነበር። ሕይወታቸው ተርፏል፤ ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ሳሉ ከክኒኑ ነው ስንል አልተሳሳትንም። የተሳሳትነው "ይተዉት" ስንል ነው። "ክኒኑን ይዘው ይሂዱና ይንገሩ" ብንላቸው ኖሮ በሌላ ክኒን ይለወጥላቸው ነበር። ያን ጊዜ ይህን አናውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠይቀን የተረዳነውን ነው እዚህ የምንጽፈው።

ለመሆኑ የደም ግፊት ምንድን ነው? በአገራችን "ደም ብዛት" እየተባለ ይጠራል። ስሙ ግን ያሳስታል። ደሙ በዝቶ አይደለም። ልብ ደምን ስትገፋ ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚጫንበት ኃይል ነው የበዛው። ውኃ በኃይል ሲመጣበት እንደሚወጠር የጎማ ቱቦ ማለት ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ ከ140 በ90 ጀምሮ ወደ ላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ይህ በሽታ ክፋቱ አለማመሙ ነው። ብዙ ሰው "ደሜ ሲነሣ ራሴን ይወጋኛል፤ እሱን አውቀዋለሁ" ይላል። እጅግ በጣም ከፍ ካላለ በቀር ግን ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። ድምፁን አጥፍቶ ልብን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልንና ዓይንን ሲጎዳ ይኖራል።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉት። ሰውየው ክኒን ከመጀመሩ በፊት ደኅና ነኝ ብሎ ያስብ ነበር። ክኒን ሲጀምር እግሩ ያብጣል፣ ያዞረዋል፣ ወይም ያስለዋል። በሱ ዓይን የታመመው ከመድኃኒቱ በኋላ ነው። ታዲያ መድኃኒቱን ቢጠላ ምን ይገርማል? የማይግሬን ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ማይግሬን ባላገሩ ራስ ፍልጠት የሚለው፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን የሚወቅር፣ ብርሃንና ጩኸት የሚያስጠላ፣ የሚያስታውክ ራስ ምታት ነው። እሱ ያማል። ክኒኑ ሲያስታግስ ደስ ይላል፤ ስለዚህ ሰውየው መተው ሳይሆን ማብዛት ይጀምራል። አንዱን መድኃኒት ቶሎ እንተዋለን፣ ሌላውን ያለ ልክ እንወስዳለን። ሁለቱም ያስጎዳል።

መድኃኒት ከሚፈለገው ሥራ ሌላ የሚያመጣው ነገር የጎንዮሽ ጉዳት ይባላል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። የደረሰበትም ሰው መላ አለው። ከቀላሉ እንጀምር።

ማንኛውም የግፊት መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያዞር ይችላል። ሰውነት ከፍ ያለውን ግፊት ለምዶት ስለ ነበር ሲወርድ ግራ ይጋባል። በተለይ ከአልጋ ድንገት ብድግ ሲሉ ዓይን ይጨልማል። ሲነሡ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ማለት፣ እግርን ማወዛወዝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መቆም ነው። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሌሊት ወደ ደጅ ሲወጡ ወድቀው ዳሌያቸውን የሚሰብሩት በዚህ ጊዜ ነውና ፋኖስ ወይም ባትሪ አጠገባቸው ይኑር። ማዞሩ ከሳምንታት በኋላም ካልተወ፣ ወይም ራስን የሚያስት ከሆነ፣ መጠኑ በዝቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል መለካት ያስፈልጋል።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው ክኒን ጨውና ውኃ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። ማታ የዋጠው ሰው ሌሊቱን ሲመላለስ ያድራል። ጠዋት መውሰድ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከጨው ጋር ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አብሮ ስለሚወጣ አንዳንዱን ሰው ድካም ይይዘዋል፣ ባቱንም ሌሊት ይጨብጠዋል። ሪህ ያለበትንም ሰው ሊቀሰቅስበት ይችላል። ይህ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ሙዝ፣ ድንችና ባቄላ ፖታሲየም አላቸው፤ ሆኖም ከኢናላፕሪል ጋር አብሮ የሚወስድ ሰው፣ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ፖታሲየሙ ከልክ በላይ ሊበዛበት ስለሚችል ሳይጠይቅ በገዛ ራሱ አያብዛ።

አምሎዲፒን የብዙ ሰው እግር ያሳብጣል። ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይነፋል፣ ጫማ ይጠባል፣ በጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል። ሰው "ኩላሊቴ ሞተ" ብሎ ይደነግጣል። ነገሩ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ደም የሚያመጡትን ትንንሽ ቱቦዎች ያሰፋል፤ መላሾቹን ግን ያን ያህል አያሰፋም። የመስኖ ቦይ ከላይ በኩል ሰፍቶ ከታች እንደ ጠበበ ከቀረ ውኃው በዳርና ዳር ይንጠፈጠፋል አይደል? ያ ነው እግር ላይ የሚጠራቀመው። እብጠቱ ማታ ብሶ ጠዋት ይቀንሳል። እግርን ከፍ አድርጎ ማረፍ ይረዳል። መጠኑ ሲቀነስ እብጠቱም ይቀንሳል፤ ለምሳሌ ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 ተደርጎ ሌላ ዓይነት ክኒን ሊጨመርበት ይችላል። የሽንት ክኒን ብዙም አይፈይድለትም፤ ውኃ በዝቶ አይደለምና። ነገር ግን እብጠቱ በአንድ እግር ብቻ ሆኖ የሚያም ከሆነ፣ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ ሌላ ነገር ነውና ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ሳል እንመለስ። የኢናላፕሪል ወገን የሆኑ መድኃኒቶች መነሻቸው ያስገርማል። በብራዚል ጃራራካ የሚባል እባብ አለ። የነደፈው ሰው የደም ግፊቱ ክፉኛ ይወርዳል። ሳይንቲስቶች መርዙን አጥንተው ከዚያ በተገኘ ዕውቀት ካፕቶፕሪል የተባለውን ክኒን ሠሩ፤ እሱም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1981 ተፈቀደ። ኢናላፕሪል የሱ ታናሽ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ የደም ሥርን የሚያጠብ ነገር የሚያዘጋጀውን አንድ ኢንዛይም ያግዱታል። ያ ኢንዛይም ግን ሌላም ሥራ አለው፤ ብራዲካይኒን የሚባለውን ነገር ጠራርጎ ያጠፋል። ሲታገድ ብራዲካይኒን ይከማቻል፣ የአየር ቧንቧን ይከረክራል፣ ሰው ያስላል። ከአሥር ሰው አንዱን ያህል ሊይዝ ይችላል፤ በሴቶች ላይ ይበዛል። ሽሮፕም ዝንጅብልም የማይፈውሰው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ሲለወጥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል። ሎሳርታን የመሰሉት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፤ ሳል ግን እንደሱ አያመጡም።

ከዚሁ ከብራዲካይኒን የሚመጣ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት በድንገት ማበጥ። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ በጥቁር ሰዎች ላይ ግን ከሌላው ይልቅ ይደርሳል። መድኃኒቱን ለዓመታት ሲወስድ የኖረውንም ሰው ሊይዝ ይችላል። ጉሮሮን ሊዘጋ ስለሚችል ያን ቀን "ባለሙያ ጠይቄ እተዋለሁ" አይባልም። ክኒኑን አለመድገም፣ በተገኘው መኪና ሆስፒታል መሮጥ ነው።

አሁን ደግሞ ለሁለቱም በሽታ ስለሚያገለግል መድኃኒት እንናገር። ፕሮፕራኖሎል ይባላል። የሠራው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ሲሆን፣ ለዚህና ለሌላ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። መድኃኒቱ የታሰበው ለልብ ሕመም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ግን ለልባቸው ሲወስዱት የነበሩ አንድ በሽተኛ ማይግሬናቸውም እንደ ተሻላቸው ተጻፈ። እንዲያው በአጋጣሚ! ዛሬ በወር ብዙ ቀን ማይግሬን ለሚያሠቃየው ሰው መከላከያ ሆኖ በየቀኑ ይሰጣል። ሲጀመር ድካም ያመጣል፣ እጅና እግር ያቀዘቅዛል፣ አንዳንዱን ሰው ክፉ ሕልም ያሳየዋል። ከትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይህን ያቀለዋል። የልብ ትርታም ይቀንሳል። አንጓ ላይ ጣት አኑሮ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ ከ50 በታች ከሆነ ለባለሙያ መንገር ያስፈልጋል። አስም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል መውሰድ የለበትም፤ ትንፋሹን ይዘጋዋል። ስኳር በሽታ ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደሞ ስኳሩ ሲወርድ የልብ ድለቃ ያስጠነቅቀው የነበረው ይደበቅበታል። ሌላው ትልቅ ነገር፣ በአንድ ቀን ድንገት አይቋረጥም። ልብ የታሰረ ፈረስ ገመዱ ሲበጠስ እንደሚጋልበው ይሆናል። መተው ካስፈለገም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

ወንዶች የማይናገሩት አንድ ጉዳይ አለ። ፕሮፕራኖሎልና የሽንት ክኒኑ አንዳንድ ወንድ ከሚስቱ ጋር ሲተኛ እንዲደክም ያደርጋሉ። ሰውየው አፍሮ ዝም ይላል፤ ክኒኑን ግን በድብቅ ይጥላል። ሚስትም ነገሩ ሌላ ይመስላታል። ትዳር የሚያናጋ ነገር ነውና ቀላል አይደለም። ሐኪሙ ግን ይህን ከብዙ ሰው ሰምቶታል፤ አይገርመውም። በሌላ ዓይነት ክኒን ሊለውጠው ይችላል። ባለሙያዋ ሴት ሆና ካሳፈረችው "ይኸ ክኒን እንደ ባል አላደረገኝም" ብሎ መናገር እንኳ ይበቃል፤ ይገባታል።

ቀጥሎ የማስታገሻ ነገር ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ራሱን ሲያመው ወይም ወገቡን ሲቆረጥመው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። እነዚህ ጨውና ውኃ በሰውነት ያስቀራሉ፣ ግፊቱን ከፍ ያደርጋሉ፣ የግፊቱን ክኒን ሥራ ያዳክማሉ። ኢናላፕሪልና የሽንት ክኒን በሚወስድ ሰው ላይ ሲደረቡ ደግሞ ኩላሊቱን ሊጎዱት ይችላሉ። ለእንዲህ ያለው ሰው ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ባለ 500 ሚሊግራሙ በቀን ከ8 ክኒን በላይ አይወሰድም፤ ጉበት ያቃጥላል። ለዚህ ነው ከሱቅ ማስታገሻ ሲገዛ "ግፊት አለብኝ" ማለት የሚያስፈልገው።

ማስታገሻ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ይሆናል ቢባል ታምናላችሁ? እውነት ነው። ማይግሬን ያለበት ሰው ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚን ወይም የተቀላቀለ ማስታገሻ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከወሰደ፣ ራሱ በየቀኑ ማለት ይቻላል ያመው ጀመር ማለት ነው። ሲያመው ይወስዳል፣ ሲወስድ ይጨምርበታል። የሚላቀቀው ማስታገሻውን በመተው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ከባድ ስለሆኑ ሐኪም ጋር ተማክሮ ቢሆን ይመረጣል። ልኩን ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ራስ ያመመበትን ቀን መሥመር፣ ክኒን የተዋጠበትን ቀን መስቀል ምልክት ማድረግ። በወሩ መጨረሻ መቁጠር ነው። ቡና ወዳድም ይህን ቢያደርግ የሚያስተውለው ነገር አለ፤ ጾም በያዘ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚወቅረው ማይግሬን ሳይሆን የቡና ሐራራ ሊሆን ይችላል።

ኤርጎታሚንን ለብቻው ማንሳት አለብን። ይህ መድኃኒት የሚገኘው ኤርጎት ከሚባል በእህል ራስ ላይ ከሚበቅል ጥቁር ሻጋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አርተር ሽቶል የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነው ነጥሎ ያወጣው። ይህን ሻጋታ አገራችን በክፉ ታውቀዋለች። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ሲናር የበዛበት ገብስ የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው እየጠቆረ ሞተ፤ ከነርሱም ብዙዎች አለቁ። በ1993 ዓ.ም. ገደማ በአርሲም እንዲሁ ያለ ነገር ታይቷል። ምክንያቱ ሻጋታው የደም ሥርን አጥብቆ ስለሚያንቅ ደም ወደ ጣት መድረስ ስለሚያቅተው ነው። መድኃኒቱም በትንሹ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ እርጉዝ ሴትም፣ ሊወስዱት አይገባም። ማይግሬን ያለባት እናት ለግፊተኛው ባሏ "እኔን ያሻለኝ ነው" ብላ ከሷ ክኒን ብታካፍለው በፍቅር ጎዳችው ማለት ነው። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ከሚባሉት ፀረ ተሕዋስያን ጋር፣ እንዲሁም ሪቶናቪር ካለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር አብሮ መውሰድ እጅግ አደገኛ ነው። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ እንደ መርፌ ከጠቀጠቀ ሌላ ክኒን ሳይጨምሩ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። ሱማትሪፕታን የሚባለው አዲሱም የደም ሥር ያጠብባል፤ ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰው አይወስደውም።

አሚትሪፕቲሊንም ለማይግሬን መከላከያ ይሰጣል። ያስተኛል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል። ማታ ከመኝታ በፊት ከተወሰደ እንቅልፉ ጥቅም ይሆናል። ውኃ ጎንጨት እያሉ አፍን ማርጠብ፣ ጎመንና ጥራጥሬ መመገብ ይረዳል። ጠዋት ድብት ካለው ሰው መኪና መንዳትም ሆነ ወፍጮ ላይ መሥራት አይገባም።

ለመውለድ የደረሱ እኅቶቻችን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ለማይግሬን የሚሰጡት ቫልፕሮዬትና ቶፒራሜት፣ ኤርጎታሚንም ጽንስን ይጎዳሉ። ወር አበባ ከቀረ ሳይዘገዩ መንገር ነው። ለእርጉዝ ሴት የሚስማማ የግፊት መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሜቲልዶፓ፣ አለ።

ጾምም የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማግሪብ የሚጾም ሰው ክኒኑን ይዘላል፤ አንዳንዱ ጾሙን ሁሉ ይተወዋል። ለበሽተኛ የሚደረገው ማቅለል በሁለቱም ሃይማኖት የታወቀ ነው። መጾም የሚፈልግ ሰው ግን ጾሙ ሳይገባ ሰዓቱን ከባለሙያ ጋር ቢያስተካክል፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ክኒን ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል። ተቅማጥና ትውከት በያዘበት ቀን ደግሞ የሽንት ክኒንና ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው የዚያኑ ቀን ይጠይቅ፤ ውኃ ያለቀበትን ሰውነት ኩላሊቱን ይጎዱበታል።

ጤና ጣቢያ ሲኬድ "መድኃኒቱ አልተስማማኝም" ብቻ ማለት ለባለሙያው ብዙም አይነግረውም። የክኒኑን ማሸጊያ ይዞ መሄድ ይበጃል፤ ከሱቅ የተገዛው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ሺፈራው ቅጠሉ ሳይቀር ይነገር። መቼ እንደ ጀመረ፣ ክኒኑ ከተዋጠ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያብሰው መናገር ነው። ለመለካት ሲቀርቡም አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ቀደም ብሎ ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አለመጠጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቁጥሩ ይዋሻል።

ልብስ ሰፊዋ እናታችን አሁን አምሎዲፒን ነው የሚወስዱት። ባለፈው ክረምት ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ። እኛ ገና አፋችንን ሳንከፍት፣ "እናንተ ዝም በሉ፤ የናንተን ምክር አይቸዋለሁ" አሉን። ማሸጊያውን በመሐረብ ቋጥረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷም፣ "እማማ፣ ስንት ጊዜ ሆነዎ?" ብላ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ቀኑን ከቀን መቁጠሪያው ቆጥረው መጥተው ስለ ነበር ነገሯት። መጠኑ በግማሽ ተቀንሶ ሎሳርታን ተጨመረላቸው። እብጠቱ ጎደለ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ማታ ማታ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ በግራ እጃቸው ክር በመርፌ ማስገባት እየተለማመዱ ነው።